በሚካኤል ቀን ሰዓት የሞላ ሰው

ድሃ ሀብታም ለመምሰል ዕድሜውን ይጨርሳል፤ ሀብታም ደግሞ ድሃ ለመምሰል ገንዘቡን ይጨርሳል። አትሟገቱኝ! ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪ ከደህናው ሱሪ በእጥፍ በሚሸጥበት ዘመን ላይ ቆማችሁ ከእኔ ጋር ልትከራከሩ ነው? የእኛ አገር ገበሬ ያንን ሱሪ ያየ እንደሆነ፣ «ምነው ልጄ፣ አጋም ያዘህ?» ብሎ መርፌና ክር ያመጣል እንጂ ፋሽን ነው ብሎ አያደንቅም። እኔም ይህን የባለጸጎች ቀልድ ከሩቅ እያየሁ ስስቅ ኖሬ ኖሬ... አንድ ቀን ቀልዱ መጥቶ እጄ ላይ ታሰረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ጌትነት ባሕር ማዶ፣ ሰዓት ከሚሠራበት ከዚያ ከተራራማው አገር፣ አንድ ባለጸጋ ሽማግሌ ሲጦር ኖረ። ሽማግሌው ልጅ አልነበራቸውም። ሊያርፉ ሲሉ ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ሰጡት። ወንድሜ ሰዓት ሲፈልግ ስልኩን የሚያይ ሰው ነው፤ ለእረፍት ሲመጣ ለእኔ አመጣልኝ። «ሚስት የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም» አለና ሳጥኑን ሰጠኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ዋጋውን ነገረኝ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከተማችን ንፋስ መውጫ ላይ ቤት ይገዛል፤ ያውም ከነግቢው፣ ከነባሕር ዛፉ።

ሳጥኑን ስከፍተው ግን ልቤ ስንጥቅ አለ። ሰዓቱ የሚዞር ቆጣሪ የለውም። ፊቱ ላይ ሁለት ትንንሽ መስኮቶች አሉ፤ በአንዱ ሰዓቱ በቁጥር፣ በሌላው ደቂቃው በቁጥር ይታያል። አዎን! ልጆች ሳለን በገበያ ቀን መሬት ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠው፣ እናታችንን ቀሚሷን ይዘን ያለቀስንበት፣ ያው የፕላስቲክ ዲጂታል ሰዓት! ወንድሜ ፊቴን አይቶ ሳቀ። ውስጡ ባትሪ እንደሌለው፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ክብ ብረቶች ጥርስ ለጥርስ እየተገፋፉ እንደሚዞሩ፣ ሰዓት ሲሞላ ቁጥሩ በአንድ አፍታ ዘሎ እንደሚቀየር አስረዳኝ። ይህን ሁሉ ብረት የሚያንቀሳቅሰው ባለቤቱ ነው። በየቀኑ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ራስ በሁለት ጣት እየጠመዘዙ መሙላት ነው። አንድ ቀን የዘነጉት እንደሆነ በማግስቱ ቀጥ ይላል።

እንግዲህ አስቡት። ፈረንጅ በባትሪ የሚሠራውን ነገር ያለ ባትሪ ለመሥራት ስንት ዓመት ደከመ፤ ከዚያ ድካሙን ሁሉ ጨርሶ በባትሪ የሚሠራውን አስመሰለው! ሰጋር በቅሎ ገዝቶ የአህያ ጆሮ መቀጠል ማለት ይኸ ነው።

ቢሆንም አሰርኩት። እኔ የወረዳ ቢሮ ባለሙያ ነኝ፤ ቤት የሚያህል ነገር በእጄ ይዤ ዝም ብዬ የምኖር ሰው አይደለሁም። በማግስቱ እጅጌዬን ጠቅልዬ ቢሮ ገባሁ። ንፋስ መውጫን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። በዚያ ብርድ እጅጌውን ጠቅልሎ የሚሄድ ሰው ወይ ሊደባደብ ነው፣ ወይ አዲስ ሰዓት አለው። የሥራ ባልደረባዬ ክንዴን አየና፦

«መብራት አለው?» አለኝ።

«የለውም።»

«ይጮኻል?»

«አይጮኽም።»

«ካልኩሌተርስ?»

«የለውም አልኩህ እኮ!»

በሐዘኔታ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወደ ሥራው ዞረ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስልክ የሚጠግነው ጎረምሳ ከሱቁ በር ላይ ጠርቶ፣ ባትሪ ልቀይርልህ፣ ለአንተ በነጻ ነው አለኝ። በነጻ! ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት ሳይቀሩ «ለልጅህ ገዝተህለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ልጅ እንኳ የለኝም፤ ገና ሚስት ፍለጋ ላይ ነኝ።

የምፈልጋት ሚስት ትርንጎ ትባላለች። ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ንግግሯ አጭር፣ መርፌዋ ረዥም። ሰዓቱን ሳሳያት፣ «ታናሽ ወንድሜ እንዲህ ያለ ነበረው፤ የሱ ግን ይዘፍን ነበር» አለች። በንዴት ሁሉንም ነገርኳት፤ ብረቱን፣ አሞላሉን፣ ዋጋውን። ሰምታ ስታበቃ፣ ይኸን ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቀችኝ። ካመኑኝ ይዘርፉኛል፣ ካላመኑኝ ጸበል ይወስዱኛል አለች። እውነቷን ነበር። እኔ ግን መች ሰማሁ!

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የትርንጎ አባት አያ ደሴ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ቀበሌ ገብስና ባቄላ የሚያመርቱ፣ የተከበሩ ገበሬ ናቸው። ሽማግሌ ልኬባቸው ሁለት ጊዜ በቀጠሮ መለሱ። በሦስተኛው፣ «እንግዲህ ልጁን ራሱን ልየው። የመስከረም ሚካኤል ማኅበር የሚወጣው ከእኔ ቤት ነው፤ ይምጣና ጽዋ ይጠጣ፤ ከዚያ ቃሌን እሰጣለሁ» አሉ። ትርንጎ አስቀድማ መከረችኝ። አባቷ ሁለት ሰው አይወዱም፤ ጉረኛና በዓል ሻሪ። በቀበሌያቸው በበዓል ቀን የጠመደ ወይ የፈጨ ሰው ካለ በረዶ ወርዶ ገብሱን ይመታል፤ ስለዚህ የሻረውን ሰው ፈልገው ይቀጣሉ፣ ከማኅበርም ያስወጣሉ። «እኔ ምን በሬ አለኝ፣ የምጠምድ?» ብዬ ሳቅኩ። ሳቄን አስታውሱልኝ።

የሚካኤል ዕለት ባጃጅ እስከምትደርስበት በባጃጅ፣ ከዚያ በኋላ በመስከረም ጭቃ በእግሬ ደረስኩ። ጫማዬ ከእኔ ይከብዳል፤ እጄ ግን ንጹሕ ነበር። ማኅበርተኛው ቤቱን ሞልቶ ተቀምጧል። ከላይ፣ ቤተ ልሔም ገዳም ድጓ ያስመሰከሩት መሪጌታ፤ ከአጠገባቸው አያ ደሴ፤ ቀጥሎ ጎረቤታቸው አያ ታከለ። እኔን ከአያ ታከለ ጎን አስቀመጡኝ። ትርንጎ ነጠላዋን አደግድጋ ጠላ ትቀዳለች፤ እንደማታውቀኝ ሆና አለፈችኝ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጸሎቱ ተደረሰ፣ ስለ ከተማው ተጠየቅኩ፣ በጨዋ ደንብ መለስኩ። ሁሉም ነገር ደህና ይሄድ ነበር። በዚያ ብበቃ ኖሮ ዛሬ ይህን ወግ አታነቡም ነበር።

በመካከሉ፣ «ጢጥ ጢጥ!» የሚል ድምፅ ከአያ ደሴ ጋቢ ውስጥ ተሰማ። እጃቸውን አወጡ። ወገዳ ገበያ የገዟት ጥቁር የፕላስቲክ ሰዓት ናት፤ ሰዓት በሞላ ቁጥር ትጮኻለች። ቤቱ ሁሉ በአክብሮት ተመለከታት። አያ ደሴ ወደ እኔ ዞር ብለው የእኔን አዩና፦

«ያንተዋ አትጮኽም?» አሉኝ።

«አይ፣ አትጮኽም።»

«ተበላሽታ ነው?»

አያ ታከለ ገቡበት። የእንዲህ ያሉት ባትሪ ቶሎ እንደሚያልቅ፣ የእሳቸው ልጅም ገዝቶ ሳምንት እንዳልቆየለት ተናገሩ። ሰው ሁሉ በርኅራኄ ራሱን ነቀነቀ። አያ ደሴም በሆዳቸው «ልጄን የሚያበላት እስኪ ምን አለው?» ሲሉ የሰማሁ መሰለኝ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል። የእኔ አፍ ግን ለዝንብ ሳይሆን ለንብ መንጋ ተከፈተ። «ባትሪ የለውም!» ብዬ ተነሳሁ። ሰዓቱን ፈትቼ ከአያ ታከለ ጆሮ ላይ ደቀንኩ። ጥርሱን፣ ብረቱን፣ ጥበቡን ዘረዘርኩ። የእኔው ከአያ ደሴ ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቶ ስለነበር፣ እስኪሞላ ሁሉንም ዙሪያዬን ሰብስቤ አስጠበቅኩ። ቁጥሩ ዘሎ ሲቀየር፣ «አጀብ!» አለ ቤቱ። እስቲ ፍረዱኝ፤ ከዚያ በኋላ ማን ያቆመኛል?

«ታዲያ ያለ ባትሪ ምን ያሠራዋል?» አሉ አያ ደሴ።

«እኔ ነኝ የማሠራው፣ በእጄ!» አልኩና ሁሉም እያየ፣ ቀስ አድርጌ፣ እያጣጣምኩ፣ ሞላሁት። ክርር ክርር ይላል። አያ ደሴ ራሳቸው በመገረም ፈገግ አሉ። አማችነቴ የተቆረጠ መሰለኝ። ከጓዳ በር ላይ ትርንጎን አየኋት፤ እሷ አልሳቀችም። ዓይኗ በበሩ አሻግሮ ወደ ሰማይ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በቀልድ ለመንገር ይከብደኛል። ከጉና ተራራ በኩል ጥቁር ደመና መጥቶ ቤቱ ድንገት ጨለመ። ቀጥሎ ጣሪያው ላይ ጠጠር እንደሚወረውር ሰው በረዶው ወረደ። ሁሉም ወደ በሩ ወጣ። ገብሱ አሽቷል፤ የዓመት ጉሮሮ ነው ደጅ ላይ የሚደበደበው። ሴቶቹ እግዚኦ አሉ፤ አያ ደሴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆሙ። ፈራሁ፤ ከልቤ ፈራሁ። ደግነቱ አልቆየም፤ የታችኛውን ማሳ ጫፍ መትቶ አለፈ። ተመልሰን ስንቀመጥ ግን ቤቱ ውስጥ የነበረው ጨዋታ አብሮ አልፎ ነበር።

«ዛሬ የሠራ ሰው አለ» አሉ አያ ታከለ።

ተጠያየቁ። በሬ የጠመደ የለም። የፈጨ የለም። እንጨት የፈለጠም፣ ልብስ ያጠበም የለም። ጥያቄው ቤቱን ዞሮ ዞሮ... ዓይን ሁሉ እጄ ላይ አረፈ። እጄን ጋቢ ውስጥ ልክተት አሰብኩ፤ ለካ ጋቢም አልለበስኩም፤ ሰዓቱ እንዲታይ ብዬ ቤቴ ትቼው መጥቻለሁ! እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች ማለት እኔን ነው።

አንድ ደግ ሰው፣ ሰዓት መሙላት ሥራ ይባላል እንዴ ብለው ሊከላከሉልኝ ሞከሩ። አያ ታከለ አልተቀበሉም። «ራሱ ነው የተናገረ። እኔ ነኝ የማሠራው አለ። ውስጡ ደግሞ እንደ ወፍጮ ይፈጫል፤ ጆሮዬ ላይ ደቅኖ ያሰማኝ እሱ ነው» አሉ። ካፍ ከወጣ አፋፍ! የቤተ ክርስቲያኑ የግድግዳ ሰዓትስ በበዓል ቀን ይሠራ የለም ወይ የሚል ክርክር ተነሳ። በመጨረሻ ነገሩ ለመሪጌታ ተሰጠ። መሪጌታ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው ፈረዱ፦

«ባትሪ የሆነ እንደሆነ የሚሠራው ባትሪው ነው። ባትሪ ደግሞ አልተጠመቀም፤ በዓል አያስረውም። በእጅ የሚሞላ ከሆነ ግን እጁ ሠርቷል።»

ደመና እንዴት ወደ በረዶ እንደሚለወጥ ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ገብሱ ለተመታበት ሰው ሳይንስ መንገር ለቅሶ ቤት ሄዶ ሬሳው ለምን እንደሞተ እንደ ማስረዳት ነውና ትርንጎ በዓይኗ ዘጋችው። አያ ደሴ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ድሃ አልጠላም» አሉ። «በዓል ለሻረ ግን ልጄን የሰጠሁ እንደሆነ ከነዚህ ሰዎች ጋር ጽዋ አልጠጣም። እውነቱን ንገረኝ። ይኸ ሰዓት በእጅ ነው የሚሠራ?»

አያችሁ አጣብቂኙን? በእጅ ነው ያልኩ እንደሆነ ትርንጎ የለችም። በባትሪ ነው ካልኩ ደግሞ፣ ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ጥበብ፣ ያ ከነባሕር ዛፉ ያለ ቤት... የገበያ ፕላስቲክ ሊሆን ነው፤ እኔም ያውም በገበያ ፕላስቲክ የጎረርኩ ባዶ ሰው። የወንድሜ ፊት መጣብኝ። የማላውቃቸው የሰዓቱ ባለቤት ሽማግሌም መጡብኝ።

ትርንጎ እንስራውን አስቀምጣ ከጓዳ ወጣች።

«አባዬ፣ ሲቀልድባችሁ ነው። ባትሪ ነው» አለች። «ቅዳሜ ገበያ፣ መሬት ላይ ከሚዘረጉት፣ አብረን ሄደን ነው የገዛው። ንገራቸው እንጂ!»

የመጨረሻዋን ቃል ስትናገር ያየችኝ አስተያየት፣ እናንተዬ፣ መርፌ ከመወጋት በፊት «አይዞህ፣ አያምም» ስትል የምታየው ነው። ያማል።

«ባትሪ ነው» አልኩ።

«ክርር የሚለውስ?» አሉ አያ ታከለ።

«እሱማ ተበላሽቶ ነው።»

«ስንት ገዛኸው?»

«ስለ ረከሰ ነው የገዛሁት።»

«ታዲያ ምን አስዋሸህ?» አሉ አያ ደሴ።

«እንዲያምርብኝ ብዬ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰው እንዲህ በእኔ ውርደት ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም። በዓሉን የሻረው ሌላ ቀበሌ እንዲፈለግ ተወሰነ፤ ደመናው የመጣው በዚያ በኩል ስለ ነበር ጥርጣሬው እዚያ ያሉ ሰዎች ላይ ወደቀ። የማላውቃችሁ ወገኖቼ፣ በእናንተ ስለ ተሳበበ ይቅር በሉኝ። አያ ደሴም ለትርንጎ ብሎ ነው የዋሸው፣ ልጅ አይደል ወይ ብለው ተቀበሉኝ። ቀጥለው የሠሩት ሥራ ግን... የወገዳዋን ጥቁር ፕላስቲክ ሰዓት ከእጃቸው ፈትተው በእጄ አሰሩልኝ።

«አማቼ የሚሆን ሰው የተበላሸ መጫወቻ አስሮ ከቤቴ አይወጣም» አሉ። «ይቺ ደህና ናት፤ ትጮኻለች። ያንን ወዲህ በለው።»

ሰጠኋቸው። ምን ልበል? አማቼ ብለውኛል፤ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ቤቱ እልልታ ሆነ፤ እኔም አለቀስኩ፤ ሰው ሁሉ በደስታ መሰለው።

ሰርጉ አማረ። ቢሮ ስገባ አዲሷ ሰዓቴ ስብሰባ መካከል «ጢጥ ጢጥ» ስትል ያ ባልደረባዬ፣ «እንዲህ ነው እንጂ! ሰዓት ገዛህ በመጨረሻ» አለኝ። መብራትም አላት። ወንድሜ በስልክ ሰዓቱ እንዴት ነው ብሎ ሲጠይቀኝ በደህና እጅ ላይ ነው እለዋለሁ፤ ይህ እንኳ ውሸት አይደለም። ሌሊት ግን ያ ጉደኛ ብረት ማንም ሳይሞላው፣ ቁጥሩ በአንድ ሰዓት ላይ ደርቆ፣ የአያ ደሴ ሳጥን ውስጥ ከመድኃኔዓለም ዝክር ሞሰብ ጨርቅ ጋር ተጠቅልሎ እንደሚኖር እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

በበጋው፣ በጥር ሚካኤል፣ ከትርንጎ ጋር ልንጠይቃቸው ሄድን። ሚካኤል ሰኞ ነው የዋለው። አስተውሉልኝ፤ ቅዳሜ ሰንበት፣ እሑድ ጥምቀት፣ ሰኞ ሚካኤል። በዚያ ቤት ለተከታታይ ቀናት መርፌ እንኳ ክር አልገባባትም። ከአያ ደሴ ጎን ተቀምጬ ስንጫወት ጋቢያቸው ገለጥ አለና ክንዳቸው ላይ አየሁት። ሰዓቴ ነው! ሁለቱ መስኮቶች፣ ሁለቱ ቁጥሮች። ከትርንጎ ስልክ ጋር በዓይኔ አመሳከርኩ፤ ልክ ነው። ጆሮዬን ቀረብ አደረግኩ፤ ይሄዳል። አንድ ቀን ያልተሞላ እንደሆነ በማግስቱ ቀጥ የሚለው ሰዓት፣ ሦስት በዓል ተሻግሮ ይሄዳል።

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። ቀስ ብለው ጋቢያቸውን ክንዳቸው ላይ መለሱት። በበሩ አሻግረው ሰማዩን አዩ፤ አንዲት ደመና የለችም። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ባትሪው ብርቱ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ገብሱም እንደሆነ ጎተራ ገብቷል።»